ባለ ጭራዋ ሴት ቢራቢሮ

ከጅማ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ላስተምር ስመጣ ብርዱን አልለመድኩትም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ እወርዳለሁ። ሰው ወደ ፍል ውሃው ሲያመራ እኔ ከመንገዱ በላይ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ጫካ እገባለሁ። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ስለሆነ ለጫካ ቢራቢሮ የቀረው መጠጊያ እሱ ነው።

የምፈልገው ነጣ ያለ ቢጫ፣ የኋላ ክንፉ ጭራ ያለው ቢራቢሮ ነበር። ዝርያው ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ ደኖች ይገኛል። በአብዛኛው አገር ሴቷ ጭራ የላትም፤ ወፍ እንዳይበላት ጣዕማቸው መራራ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን ትመስላለች። በእኛ አገር ባለው ንዑስ ዝርያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። አንዲቱን ይዤ፣ በመርፌ ሰክቼ ለተማሪዎቼ ላሳይ አሰብኩ።

በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩት አዛውንት የድጓ መምህር የቢራቢሮ መያዣ መረቤን አይተው ጠሩኝ። ሐሳቤን ነገርኳቸው።

"ወንድና ሴቱ አንድ ከሆኑ በምን ትለያቸዋለሽ፣ ልጄ?"

"ሴቷ የልምጭ ቅጠል ላይ እንቁላል ስትጥል አያታለሁ፣ የኔታ።"

"ልምጭ? እኔ ጥርሴን የምፍቅበት?" ብለው ሳቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ፣ ለመፋቂያ የቆረጧት ቅርንጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቆማለች። ቅጠሏ ላይ አንዲት ትንሽ ትል አለች።

"እንቁላሏን ያየሁት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። አሳዘነችኝ" አሉ።

ትኩስ ቅጠል እየቀየሩ አሳደጓት። "ዛሬ ቆዳዋን ጣለች" ብለው ይደውሉልኛል። አንድ ቀን ከፍቷቸው "መብላት ትታ ደርቃለች፤ ሞተች መሰለኝ" አሉኝ። ክንፍ ልታወጣ መሆኑን አስረዳኋቸው። ቆይተው ደወሉና "እውነትሽን ነው፣ ወጣች!" አሉ።

በማግሥቱ ስደርስ በወንፊት ከድነዋታል። በማጉያ መነጽር የሆዷን ጫፍ አየሁ፤ ሴት ናት። መርፌዎቼ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

"ትገድያታለሽ?" አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

"ለተማሪዎቼ ላሳያት ነው፣ የኔታ።"

"ተማሪዎችሽ እግር የላቸውም?"

አፈርኩ። ወዲያው ለተማሪዎቼ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንዱ በሚኒባስ ደረሱ። ታሪኳን ከእንቁላል ጀምረው የነገሯቸው የኔታ ናቸው፤ እኔ ስለ ንዑስ ዝርያዋ ብቻ ጨመርኩ። ወንፊቱ ሲነሣ ቢራቢሮዋ በአንዲት ተማሪ እጅጌ ላይ ጥቂት አረፈችና ከዛፎቹ በላይ ወጣች።

የትምህርት ቤቱ አለቃዬ ላመጣው የነበረውን ናሙና ሲጠይቀኝ ፎቶ ሰጠሁት፤ ደስ አላለውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለዚያ ትምህርት ተማሪዎቼን ወደ ጫካው እወስዳለሁ እንጂ ክፍል ውስጥ አስተምሬው አላውቅም።