የሟች ጓደኛዬ ዲፈረንሻል

መኪናዬ ሸዋ ቤንች ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ከኋላዋ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ተንገጫገጨችና ቆመች። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ይገባል፣ ጎማው ግን አልዞር አለ። ወርጄ ከሥሯ ገባሁ። ዲፈረንሻሉ፣ ያ በኋላ ጎማዎች መሀል እንደ ድስት ያበጠው ብረት፣ ዘይቱን ጭቃው ላይ ዘርግፎታል። ውስጡ ያሉት ጥርሶች መርገፋቸውን ለማወቅ መካኒክ አላስፈለገኝም።

ጊዜው የቡና ለቀማ ነበር። እኔ ከገበሬው ማሳ ቀይ እሸት ጭኜ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የማደርስ ሰው ነኝ። ቀይ እሸት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ተለቅሞ ማታ ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል። የሰው የዓመት ልፋት እዚያው ጆንያ ውስጥ ይበላሻል።

ልጆቼ ይቺን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ትልቋ በስልክ፣ "አባባ፣ በቃ አንተም መኪናዋም እረፉ። ለቆራሌ ሽጣትና ቤትህ ግባ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። እሺ ያልኩት ስልኩን ለመዝጋት ነው። እኔ ቤት የምውለው ወባ ሲይዘኝ ብቻ ነው። አሁን ከገባሁ ተመልሼ እንደማልወጣ አውቄዋለሁ።

መለዋወጫውን ሚዛን ከተማ ጠየቅሁ፣ የለም። ቴፒ አስጠየቅሁ፣ የለም። "ከአዲስ አበባ ይምጣልህ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው" አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ዛፉ ላይ ምን ቡና ሊቀር!

የቆምኩበት ቦታ ከሟች ጓደኛዬ ቤት ብዙም አይርቅም። እሱና እኔ አብረን ነው ያረጀነው። መኪናችን አንድ ዓይነት፣ ሥራችን አንድ ዓይነት። ልዩነታችን የሱ መኪና ድምፅ የላትም፣ የኔ ገና ከዳገቱ ማዶ ሳለች ትሰማለች። በኛ አካባቢ ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ መኪና የሚመርጠው በጆሮው ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ያዳምጣል። የምታቃስት ከሆነች፣ መንገድ ላይ ቀርታ እሸቴን ታኮመጥጥብኛለች ብሎ አይጭንባትም። ስለዚህ ደህና ደህናው ጭነት ሁሉ ወደሱ ይሄድ ነበር። "መኪና የምትጮኸው ባለቤቷን አይታ ነው" እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኛል። ስንት ዓመት ሰማኋት ይቺን ንግግር! ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽም።

ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። መኪናው ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር እንደቆመች ናት። ቆራሌ በመጣ ቁጥር ሚስቱ ታባርረዋለች። የኔን መሰበር ስትሰማ ግን ራሷ እስከ መንገዱ መጣች።

"ጋሼ፣ የሱን ዲፈረንሻል ፈትተው ይውሰዱ።"

"ስንት ልስጥሽ?"

"ኧረ ይተዉኝ! እሱ ቢኖር ይቀበልዎት ነበር? ብቻ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ይፍቱት። ከዓይኔ እንዳይርቅ።"

የኔን በጭነት መኪና አስጎትቼ ከሱ መኪና ጎን አቆምኳት። ከሚዛን መካኒክ አመጣሁ። ጎልማሳ ነው፣ ቦርጫም፣ አፉ የማያርፍ። ከሟቹ መኪና ሥር ሊገባ ጎንበስ ሲል አንድ ነገር ጮኸበትና በቁሙ ዘለለ። ዶሮ ናት፤ እንቁላል ታቅፋለች።

"ፋዘር፣ ይቺ ደግሞ የማን ረዳት ናት?"

ሴትየዋ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በቅርጫት አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ቀጥሎ ዝገቱ መጣ። ዳዶዎቹ ከብሎኖቹ ጋር አንድ ሆነዋል። ነጭ ጋዝ አጠጣናቸው፣ ቀጠቀጥናቸው፣ ረፋዱ እዚያው አለቀ።

"በእሳት ልቁረጠው" አለ።

"አትቆርጠውም። የሰው ንብረት ነው። በትዕግሥት ፍታው።"

"ትዕግሥት ስንት ቁጥር ቁልፍ ነው ፋዘር? ሳጥኔ ውስጥ የለም።"

ቢሆንም አንድ በአንድ ፈታቸው። የዘይቱን መክፈቻ ሲከፍት ግን ዘይት አልወረደም። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ነገር፣ እንደ ቀጠነ ገንፎ፣ ሳህኑ ላይ ዱብ ዱብ አለ። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። መካኒኩ በጣቱ ነክቶ አሸተተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሙዝ ነው" አለኝ።

ተንኮሉን የኛ አገር ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ጥርሱ የተበላ ዲፈረንሻል ይጮኻል። ጥሬ ሙዝ ልጠው፣ ወቅጠው፣ ከዘይቱ ጋር ሲጨምሩበት ዝም ይላል። መበላቱን ግን አይተውም። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ አጭበርባሪ የሚሠራው ሥራ ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ሴትየዋ ከኋላችን።

"የከረመ ዘይት ነው። ሲቆይ እንዲህ ይሆናል" አልኳት። ውሸት አልችልበትም፣ ጆሮዬ ይቀላል። መካኒኩ አቀረቀረ። ከመጣ ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ አፉ አረፈ።

በውስጤ ግን እየነደድኩ ነበር። ያ ሁሉ ጭነት፣ ያ ሁሉ ሹፈት! ታዲያ ለሷ ምን ብዬ ልንገራት? ሦስት ዓመት ሙሉ ቆራሌ ያባረረችለትን ባል፣ አጭበርባሪ ነበር ልበላት?

አወጣነው፣ በነጭ ጋዝ አጠብነው። መካኒኩ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ጥርሶቹን ቆጠረ። መኪናዬ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ስለሆነች፣ ከፊተኛው ዲፈረንሻሌ ጋር ካልተስማማ የፊትና የኋላ ጎማ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አላመንኩትም፣ እኔም ቆጠርኩ። ይስማማል።

"የረገፈ ጥርስ የለውም፣ ግን ክፉኛ ተበልቷል" አለ። "ለዚህ ለቀማ ያደርስዎታል። ብቻ ይጮኻል። ከድሮው የርስዎ የባሰ ይጮኻል።"

ሴትየዋ ይጮኻል ሲል ሰምታ ቀረብ አለች።

"ሙዙ ነው አይደል?"

መካኒኩ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወደኔ አየ።

"የምልጥለት እኔ ነበርኩ። እሁድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ እልጣለሁ፣ እሱ በቡና ሙቀጫዬ ይወቅጣል። ልጆቹ ትምህርት ላይ ነበሩ፣ ጭነት ከቀረበት ምን እንበላለን? ለርስዎ እንዳልናገር አስምሎኛል። 'እሱ ከሰማ ፊቱን አላየውም' ይለኝ ነበር። ለቆራሌ ያልሰጠሁትም ለዚሁ ነው፤ ፈትተው አደባባይ እንዳያወጡብኝ።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ሰጠሽኝ?"

"ሌላ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። ልጆችዎ ቤት ሊያስገቡዎት እንደሆነም ሰማሁ። እርስዎ ከሚቆሙ የሱ ገመና ይውጣ ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ልደብቅልሽ ነበር።"

"አይቻለሁ፣ ጆሮዎ ቀልቷል" ብላ ሳቀች። እሱ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ያ ሰው ሲያሾፍብኝ በመኪናው የተማመነ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዛሬ ይሰበር ይሆን፣ ነገ ይሰበር ይሆን እያለ ነው የነዳው። እኔ የኔዋ ስትጮህ ቢያንስ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። እሱ ግን ጸጥታዋን እየፈራ ኖረ።

ገጠምነው። ከግቢው ስወጣ የጮኸው ጩኸት ማንጎው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣ።

"ጋሼ፣ ሙዝ ልላጥልዎት?" አለች ሴትየዋ ከበሩ ሆና። መካኒኩ በሳቅ ቦርጩን ይዞ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"ይጩህ!" አልኳት።

በማግሥቱ አንድ ነጋዴ አስቁሞኝ፣ "አባት፣ ይቺ ትደርሳለች?" አለኝ። "ትጮኻለች፣ ትደርሳለች። ካልወደድክ ሌላ ጠብቅ" አልኩት። ሌላ ጠበቀ። ከሱ ወዲያ ያለው ጫነብኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሸቱን ማጠቢያ ጣቢያ አራገፍኩ። ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ ጩኸቴን ከሩቅ እየሰሙ ጆንያቸውን መንገድ ዳር አውጥተው ይጠብቁኝ ጀመር። ልጄ ደውላ፣ "አባባ፣ ምንድነው የሚጮኸው? ቤት አይደለህም እንዴ?" ስትለኝ፣ "አይደለሁም" አልኳት።

በገበያ ቀን ሴትየዋን ሚዛን ላደርሳት ከፊት አስቀመጥኳት። ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፍታ አዳመጠች።

"እንዲህ ነበር ማለት ነው የምትጮኸው" አለች። "እኔ ሙዙን እንጂ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።"

ዳገቱ ላይ ጩኸቱ ባሰ። ጩኸቱ ለሴትየዋ ከብዷት ይሆናል ብዬ ዝግ ልል የነዳጅ መርገጫውን ለቀቅ ሳደርግ ክንዴን ያዘችኝ።

"አይ፣ ይርገጡት" አለች።