ሮማናት ላይ የተጠረገው ብረት

ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል ስልኬ ጠራ። የጎረቤቴ ባል ነበር። «ሐፍተይ፣ እህቴ፣ አትደንግጪ፤ ባለቤቴ ሮማናት አደባባይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ነክታ ነው» አለኝ። ነካች ብሎኝ ሆስፒታል ስደርስ ግራ ዐይኗ ታሽጎ አገኘኋት። ሚኒባሱ ከመጫር በቀር ምንም አልሆነም። እሷን የጎዳት ከመሪው የፈነዳው ኤርባግ ነው፤ ከጨርቁ ጋር ብረት ረጨባት።

ከአገሬ ርቄ እዚህ ሳስተምር እንደ እህት የያዘችኝ እሷ ናት። መኪናችን አንድ ዓይነት ነው፤ የገዛነውም ካንድ አስመጪ። ኤርባጉ ጉድለት ስላለበት በነጻ ይቀየራል ተብሎ ክረምት ላይ ተነግሮን አብረን ሄድን። «ዕቃው አልገባም» አሉን። ደግመን ስንሄድ «እስኪመጣ ቀስ ብላችሁ ንዱ» ብለው ሸኙን። ደረጃውን ስንወርድ «አንቺስ መኪናሽን ጸበል ረጭተሻታል፤ ጉዱ የኔ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን የአስመጪው ሥራ አስኪያጅ በፍጥነት ስለነዳች ነው ይላል። ቢሮው ስሄድ ሻዩን እያማሰለ «ብረት ወጣ ካላችሁ ብረቱን አምጡ» አለኝ።

«ፊቷ ላይ አለልዎት፤ ይሂዱና ይዩት።»

«መምህርት፣ ዐይን በብዙ ነገር ይጎዳል።»

ጾም ይዤ በሆዴ ያልኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። ዕቃ ለማምጣት ክረምትና በጋ ያልበቃው ሰው፣ እኛን ማስረጃ ለማስመጣት አንድ ስኒ ሻይ እንኳ አልፈጀበትም።

ብረቱማ የለም። እሷን ተሸክመው ካወጡ በኋላ አንዲት ባለሱቅ እናት መጥረጊያ አመጡ አሉ። ሕፃን እንዳይረግጠው፣ የሰው ጎማ እንዳይወጋ ብለው አስፋልቱን ጠረጉ፤ የመኪናዋን መቀመጫ ሳይቀር አራገፉላት። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ቦታው ንጹሕ ነበር፤ ሰዉም ምስክርነት ፈርቶ ተበትኗል። በእናትየዋ እንዴት ልቆጣ? እኔም ብሆን እጠርግ ነበር።

ዐይኗ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹ ገና አልቆረጡም። የኔ መኪና ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው። ያው ኤርባግ ያለባቸው ሌሎች መኪኖች ግን ልጆች ጭነው ባጠገቤ ያልፋሉ።

ያን እሑድ ጠዋት ሮማናት የነበራችሁ፣ ስላነሳችኋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትየዋን የምታውቁ፣ ጥራጊውን የት እንደደፉት ጠይቁልኝ። የብረት ቁራጭ ያገኘ አይጣለው። ቀስ ብላ ስትመጣ ያየ ሰው ካለም መመላለሱን ፈርቶ ዝም አይበል፤ ፖሊስ ጣቢያ አብሬው እሄዳለሁ።