አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ሰው

ማሜ ዋቆ ከመስከረም 1967 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 1978 ዓ.ም. ድረስ የሻያን ወንዝ ከፍታ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መዝግቧል። ከሮቤ ወጣ ብሎ በወንዙ ዳር በሳንቲሜትር የተከፋፈለ የሦስት ሜትር ብረት ተተክሎ ነበር። ማሜ ጠዋትና ማታ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይቶ በቅጽ ላይ ይጽፋል፤ በወሩ መጨረሻ ቅጹን ጎባ ወዳለው የውሃ መሥሪያ ቤታችን ያመጣል። ተቀብዬ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ።

ገበሬ ነበር፤ ገብስና ስንዴ ያርሳል። በማታ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሷል። ቁጥሮቹ ቀጥ ያሉና ያልተፋቁ ስለነበሩ ከደሎ መናም ከጎሮም ከሚመጡት ቅጾች የእሱን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ያገባው ዓርብ ቀን ነው፤ በዚያም ቀን ሁለቱም የቅጹ ሳጥኖች ተሞልተዋል።

ሚያዝያ 1970 ላይ ሻያ ሞልቶ ከአፉ ወጣ። የዚያ ወር ቅጽ ሲመጣ በሦስት ቀን ሳጥኖች ውስጥ ቁጥር አልነበረም። በመጀመሪያው ላይ «ብረቱ ሰጠመ። ውሃው ከዳሩ ጥድ ሥር ወደ ላይ አራት ክንድ» ተብሎ ተጽፏል። በሌሎቹም ላይ እንዲሁ፣ ሦስት ክንድ ከስንዝር፣ ሁለት ክንድ። ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ክንድ መለኪያ እንዳልሆነ፣ የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው እንደሚለይ አስረዳሁት። ውሃው የደረሰበትን ቦታ በጥዱ ግንድ ላይ በመጥረቢያ ምልክት እንዳደረገበት፣ ሰው ቢላክ ማየት እንደሚችል ነገረኝ። እኔም ቅጹ ስለ ዛፍ አይጠይቅም አልኩት።

«ኦቦ ተክለማርያም፣» አለኝ፣ «ያጠረው እኮ ብረቱ ነው፤ ውሃው አላጠረም።»

በቀይ እስክሪብቶ ሦስቱንም ሰረዝኩና «ያልተነበበ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲያ ክንድ ብሎ አልጻፈም። ብረቱ በሰጠመ ቁጥር ያስተማርኩትን ቃል ይጽፋል። በዚህ ምክንያት በመዝገቤ ውስጥ ሻያ ሞልቶ አያውቅም። ሊሞላ ሲል ባዶ ሳጥን ይመጣል፤ ከባዶዎቹ በኋላ እንደገና ዝቅ ያለ ቁጥር ይጀምራል።

በ1974 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የምህንድስና ተማሪዎችና የአንድ ምሥራቅ ጀርመን ከተማ ፋኩልቲ ተማሪዎች አብረው መጡ። ሁለቱ ፋኩልቲዎች ስምምነት ነበራቸው። በየዓመቱ ስምንት ተማሪ ከእኛ ወደዚያ፣ ስምንት ከዚያ ወደ እኛ ይሄዳል፤ አንድ ሥራም በጋራ ይሠራሉ። የተመረጠው ሥራ በሻያ ላይ የእግረኛ ድልድይ መሥራት ነበር። ከወዲያ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ክረምት ሲገባ ወደ ሮቤ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይዞራሉ።

ከእኛዎቹ መካከል ሠርከአዲስ የምትባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ለጀርመኖቹ ታስተረጉማለች፤ በመስከረም ደግሞ ከስምንቱ አንዷ ሆና ወደዚያ ትሄዳለች። ነሐሴ ላይ ከወንዙ ዳር ቆመን የስምንት ዓመቱን መዝገብ ስናገላብጥ አንደኛው ጀርመናዊ ጣቱን በሚያዝያ ላይ አሳርፎ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ቀናት ለምን ባዶ ሆኑ ይላል፤» አለችኝ።

ማሜ ከእኛ አምስት እርምጃ ርቆ የመለኪያ ዘንጋቸውን ቀጥ አድርጎ ይዞላቸዋል። እኔ የሰረዝኩት ነው ብል ለምን እባላለሁ፤ በባዕድ ተማሪ ፊት ስለ ክንድና ስለ ጥድ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። አፈርኩ።

«አንባቢው ያን ጊዜ ሳይመጣ ቀርቶ ይሆናል፤» አልኩ።

ሠርከአዲስ ተረጎመች፤ ጀርመናዊው ጻፈ። ማሜ ዘንጉን አላነቃነቀም። ሌሎቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ ግን ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወላሂ እኔ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ያውቃሉ፤» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። ነገ አስተካክላለሁ አልኩት። በማግስቱ ተማሪዎቹ ወደ ዲንሾ ሄዱ፤ እኔም አላስተካከልኩም።

ሠርከአዲስ ከዚያ ሆና ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ። በሁለተኛው ደብዳቤ መምህሯ የማሜን ቁጥሮች አባዝተው ለአርባ ተማሪ እንደ መልመጃ እንደ ሰጡ፣ የድልድዩ ከፍታ የሚሰላው በእሱ ቁጥር እንደሆነ ለማሜ ይንገሩልኝ ትላለች። ነገርኩት። ደስ አለው፤ አርባ ናቸው ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ ባዶዎቹንም ያዩአቸዋል ማለት ነው አለ።

በየካቲት 1976 ንድፉን ይዘው ተመለሱ። የገበሬ ማኅበሩ ድንጋይ አቀረበ፤ ተማሪዎቹ ሲሚንቶ አቦኩ፤ ወለሉን የሚሸከሙት ብረቶች ከጀርመን መጡ። ሃያ ቀን ያህል ሮቤና ጎባ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የማሜ ጎረቤት ቦሩ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ካልለካ የማያነሳውን ጀርመናዊ እያየ፣ «ይሄ ልጅ ሳይሸከም ይለካል፤ እኛ ተሸክመን ነው በወገባችን የምንለካው» እያለ ሰዉን ያስቃል። ልጁም ምን እንዳለ አስተርጉሞ ሰምቶ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ማሜም ድንጋይ ተሸክሟል።

የድልድዩ ወለል የሚያርፍበት ከፍታ በገመድ ምልክት ሲደረግ ማሜ ሠርከአዲስን ጠርቶ፣ ልጄ ከፍ አድርጉት፣ ውሃው ከዚህ ያልፋል አላት። እሷም ወደ እኔ መጣች። ከሦስት ሜትር በላይ የተመዘገበ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ያልኩት ትክክል ነበር፤ በመዝገቡ ውስጥ የለም። እሷ በመዝገብ የምታምን ተማሪ ነበረች፤ ማስመሰልም አታውቅም። ተመልሳ ማሜን አባባ፣ ከመዝገቡ በላይ አንድ ሜትር ጨምረናል፣ አይዞህ አለችው። ምልክቱ ያለበት ጥድ ከቆምንበት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የከፍታ መለኪያ መሣሪያቸው ተተክሏል፤ ሄደው ቢያዩት ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

ሲጨርሱ የጀርመኑ ፋኩልቲ ለማሜ አዲስ መለኪያ በስጦታ ሰጠው፤ አምስት ሜትር ነው። በወዲህኛው ዳር አሸዋ ስለሚደለደል ከማዶኛው የድልድዩ ግንብ ጋር አሰሩት። ቁጥሩ የሚታየው ተሻግሮ ለሚቆም ሰው ብቻ ነው። ማሜም ጠዋትና ማታ በድልድዩ እየተሻገረ ያነብ ጀመር።

ሁለት ዓመት በደህና አለፈ። በ1978 ሚያዝያ 14 ሌሊቱን በተራራው ላይ ሲዘንብ አድሮ ሲነጋ ሻያ ከድልድዩ ወለል ሥር ደርሷል። ቦሩ ከብቶቹን ወደ ላይ ሲነዳ ማሜ ቅጹን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረቱ ይዞ ሲሄድ አየው። ጮኾ ጠራው። ማሜ እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጥቶት ተሻገረ። ከማዶ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ ቦሩ አይቶታል። ሲመለስ መካከል ላይ ሳለ ውሃው ወለሉን ዋጠው፤ አንድ ትልቅ ግንድ መጥቶ ብረቶቹን መታ። ድልድዩ ከማዶኛው ጫፍ ተነቀለ። ማሜን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ወንዙ ሰፍቶ ከሚተኛበት አገኙት። በዚያው ቀን ተቀበረ። ቅጹ አልተገኘም።

ሠርከአዲስ ከአዲስ አበባ መጣች። ያን ጊዜ መሐንዲስ ሆናለች። መሣሪያ ተክላ በጥዱ ላይ ያለውን የመጥረቢያ ምልክት ለካች፤ ከድልድዩ ወለል ሰማንያ ሳንቲሜትር ይበልጣል። ይህ ምልክት የመቼ ነው አለችኝ። ሚያዝያ 1970 አልኳት። ማን እንዳደረገው፣ ለምን በመዝገብ እንደሌለ ነገርኳት። መሣሪያዋን ፈትታ ጨረሰች። ከዚያ፣

«አርባ ሰው ነን ያሰላነው፤» አለች። «አንዳችንም ውሃው ለምን ሁልጊዜ ሦስት ሜትር ሥር እንደሚቆም አልጠየቅንም። አንዱ ስለ ባዶዎቹ ጠየቀ፤ ለእሱም እርስዎ መለሱለት።»

ለሁለቱም ፋኩልቲዎች ስህተቱ ከመዝገቡ እንደነበረ፣ መዝገቡንም ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። ጀርመኖቹ በጨዋነት መለሱ፤ አዲሱን ንድፍ በአራት ሜትር ሰማንያ ላይ መሥርተው እንደሚልኩ፣ ስለ አቶ ማሜም እንዳዘኑ ይገልጻሉ።

ሐዘኑ ሳይወጣ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ረቢያ ከሴት ልጃቸው ከዙቤዳ ጋር ተቀምጣለች። አላህ ያጽናችሁ አልኩ። ያን ጠዋት ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አትሂድ ብላው ነበር። ዙቤዳም ቅጹን ደብቃበት ነበር። እሱ ግን ፈልጎ አገኘው።

«ዛሬ ብረቱ ረጅም ነው አለኝ፤» አለች ረቢያ። «በአጭሩ ብረት ጊዜ ቆሜ ሳየው የዋልኩትን ውሃ ማሜ አልመጣም ብለው ለውጭ አገር ሰው ነገሩብኝ። በረጅሙ ብረት ባዶ ብሰጣቸው ምን ሊሉኝ ነው አለኝ። ያን ያለው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልጅ የቀበርን ቀን እንኳ ሄዷል።»

ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። በዚያ ቀን ከወንዙ ዳር ምን እንደተጠየቅሁ፣ ምን እንደመለስኩ፣ ነገ አስተካክላለሁ ብዬው እንዳላስተካከልኩ፣ አንድም ቀን እንዳልቀረ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ እንደሆንኩ አንድ በአንድ ነገርኳት። ዙቤዳ ተነስታ ወጣች። ረቢያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይህን ለእነዚያ ለውጭ አገር ሰዎች ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ፣» አለች፣ «ያን ጠዋት ከቤት አይወጣም ነበር።»