ከአሥር የሚጀምር ሜትር

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ ጨርቅ በለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ መስታወት ሲቆርጥ፣ በበሩ ለሚገባ ሰው ሁሉ ያለው ስሜት አንድ ነበር፤ ንቀት። ሰው በስንዝር ለክቶ ይመጣል። ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ይህን ታክላለች» እያለ፣ እጁን እንደዘረጋ መንገድ ተሻግሮ ይመጣል።

«ክንድህን እዚህ ጥለህልኝ ሂድ፤ እለካዋለሁ» ይላል ሚሊ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ገዢ ክራቫት አስሮ መጣ። የሚፈልገው ግማሽ ካሬ ሜትር ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን «ሃምሳ ካሬ ሴንቲ ሜትር» ነበር።

«አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ አይደለም እንዴ?» አለ ገዢው።

«ነው። ካሬው ግን መቶ ሲባዛ በመቶ ነው፤ አሥር ሺህ። እርስዎ የጻፉት የመዳፍዎን እኩሌታ ነው።» ሚሊ ከስብርባሪው መሀል አሥር በአምስት የሆነች ቁራጭ ፈልጎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። «ይኸው ትእዛዝዎ። ሠራተኛው ሁሉ በተራ ያጮልቅባት።»

ቤትም ያው ነው። ሚስቱ «ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሩበት» ስትል ከጓዳ ከሰማ፣ «አምስት መቶ ሚሊ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን ይመጣል። መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የሚስቱን ታናሽ ወንድም ነው። አናጺ ነው፤ የሚለካውም ሲባጎ ቋጥሮ ነው። ሚሊ ሲባጎዋን ባየ ቁጥር ፊቱ ሬት እንደቀመሰ ሰው ይጨማደዳል። የራሱ ሜትር ደግሞ ጫፏ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ከወለቀች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ከዜሮ ሳይሆን ከአሥር ሴንቲ ሜትር መስመር ይጀምራል፤ ያነበበውን እንዳለ ይጽፋል፤ ሱቁ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ አሥር ይቀንሳል። አዲስ ሜትር መግዛት አቅቶት አይደለም። እንዲህ ባለ ሜትር የሚሠራ ሌላ ሰው አለመኖሩ ደስ ስለሚለው ነው።

ሴት ልጁ የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍት ተነሣች። ሁለት ዓመት መኝታ ቤቷ ውስጥ ስትሰፋ ቆይታ፣ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል አገኘች። ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል፤ የፊቱ መስኮት መስታወት ካልገባለት ፈቃድ የለም፤ ቀጣዩ ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የመስኮቱን ፍሬም የሠራው አጎቷ ነው። መስታወቱ የአባቷ ድርሻ ነው። ሚሊ ሱቅ ውስጥ የቀረው ወፍራም መስታወት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሊለካ ሲመጣ አናጺው ሲባጎውን ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ልኩ ይኸው። አንደኛዋ ቋጠሮ ወርዱ ነው፤ ሁለተኛዋ ቁመቱ።»

«በሱ ሱሪህን እሰርበት» አለ ሚሊ፤ ሜትሩን መዝዞም ከአሥሯ መስመር ጀምሮ ለካ።

«አባዬ፣ ስንት ሆነ?» አለች ልጁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያነበበውን 174 እና 131 ጽፎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ግን አናጺው ሲባጎውን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ ያየዋል። ሚሊ አሥሩን እዚያው በልቡ ቀነሰ፤ ሴንቲውን ወደ ሚሊ ለወጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወርድ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሚሊ ሜትር። ቁመት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር። ቋጠሮ የለውም።»

ወረቀቱ ላይም ይህንኑ ጻፈ። ሱቁ ሲደርስ ስለዚያ ሲባጎ እያሰበ ለብቻው ይስቅ ነበር። እጁ እንደ ልማዱ ከሁለቱም ቁጥሮች መቶ መቶ ሚሊ ቀነሰ። አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር። ቆረጠው። ጠርዙንም አሳምሮ ሞረደው።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአናጺው ጋር ተሸክመው አመጡት። ወደ ፍሬሙ ሲያስጠጉት መስታወቱ ምንም ሳይነካ በመሀሉ አለፈ።

«ፍሬሙ ሰፍቷል» አለ ሚሊ ወዲያው።

አናጺው መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲባጎውን አወጣ። ፍሬሙ ላይ ዘረጋው፤ ቋጠሮዋ ልክ ጥጉ ላይ አረፈች። መስታወቱ ላይ ዘረጋው፤ ቋጠሮዋ ጫፉን አልፋ አየር ላይ ቀረች። ሚሊ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። በገዛ እጁ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ 1640 ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«መቶ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ያህል።

«ሴንቲ ነው ሚሊ?» አለ አናጺው።

ልጅቱ አልሳቀችም። የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ሰዓቷን ታያለች፤ ዐይኗ ቀልቷል። «አባዬ፣ ሰውዬው ሦስት ሰዓት ነው ያለኝ።»

«በአራቱም ጎን አምስት አምስት ሴንቲ ጣውላ ከውስጥ ብንገጥም መስታወቱን ይይዘዋል» አለ አናጺው። «ጣውላ አለኝ። ግን የሲባጎውን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። ሚሊ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፤ የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ነበር። ዳቦ ሻጯ ከማዶ አይታዋለች። ጫፉን ያዘ።

«ሲባጎ ይላላል» አለ።

«የያዘው ካላላው አይላላም። አጥብቀው ይያዙት፣ ጋሼ።»

ተቆጣጣሪው ሲመጣ የመጨረሻዋ ሚስማር ገና መግባቷ ነበር። ክፍሉን ዞረ፤ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ፤ ፈረመ። ልጅቱ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሰውዬው ሊወጣ ሲል መስኮቱ ፊት ቆመ።

«ይህ ሰፊ ጠርዝ ያምራል። የማን ሐሳብ ነው?»

አናጺው አፉ ውስጥ የተረፉትን ሚስማሮች እየተፋ ወደ ሚሊ ዞረ። ልጅቱም ዞረች። ሚሊ የሲባጎውን ጫፍ ገና አልለቀቀውም ነበር።

«ሃምሳ ሚሊ ሜትር ነው» አለ ለተቆጣጣሪው። «በአራቱም ጎን።»