ትርፍ የተባለችው ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ ቤት እጁን ሊታጠብ የተነሳ እንግዳ ሁሉ ከኋላው አንድ ጩኸት ይከተለዋል፦ «ነጠላ ጫማውን አድርጉ!» መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ለዚሁ ሲባል የተቀመጠ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። ረስቶ በባዶ እግሩ የገባ ሰው ቧንቧውን ሲነካ ክንዱን እስከ ትከሻው ይነዝረውና ዘሎ ይወጣል። ቤተሰቡ ይስቃል። «ቧንቧችን ሰው ወዳድ ናት፤ ሳትጨብጥ አትለቅም» ይሉታል። እንግዳውም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

የቤቱን መብራት የዘረጋው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን «አይሳነው» ይለዋል። ሬዲዮ ቢበላሽ፣ በር ቢሰነጠቅ፣ ጣሪያ ቢያፈስ የሚጠራው እሱ ነው። ኤሌክትሪክ አልተማረም፣ ፈቃድም የለውም። ሌሎች ሲሠሩ አይቶ፣ ነካክቶ፣ ደንግጦ ነው የለመደው። «እኔን ያስተማረኝ ንዝረት ነው» እያለ ይቀልዳል።

ባሏ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ብሏት ወደየቤቱ ሲገባ፣ አይሳነው ፒንሳውን ይዞ መጣ። በእግሯ የምትረግጠውን የስፌት መኪና በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አደረገላት፤ መስኮቱ ጥግ መብራት ሳበላት፤ ጣቶቿ በብርድ ሲደርቁ አይቶ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ገጠመላት። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ስፌቱ ስለሚቆምባትም ቀጭኗን ሽቦ አውጥቶ ወፍራም አደረገበት። ከዚያ ወዲህ የእሷ ቤት ፊውዝ ተቃጥሎ አያውቅም፤ ጎረቤቱም ይህን እንደ ተአምር እያወራ እሱን ይጠራው ጀመር። አንድ ልጇን አሳድጋ፣ አስተምራ የዳረችው በዚያ ጥግ ተቀምጣ ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው «ቧንቧው ይነዝራል» ብሎ ነገር እንዴት ከአፍ ይወጣል? ብዙ ጊዜ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ይሉኝታዋ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

ልጇ በሰላም ተገላገለች። «እማዬ፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ፤ እስክጠነክር አንቺው ታጥቢልኛለሽ» ብላ ከሆስፒታል ደወለች። አያት የሆነችው ልብስ ሰፊ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት የሕፃኑን ጨርቅ አጥባ ግቢ ውስጥ አሰጣች። ቀጥላ የመታጠቢያውን ሳህን ቧንቧው ሥር ደቅና እጇን ሰደደች። ነጠላ ጫማውን አድርጋ ነበር፤ ሆኖም ክርኗ እርጥቡን ግድግዳ ነካና መንዘሩ ጥርሷን አንገጫገጨው። ሳህኑ ተንከባሎ ወደቀ።

ባዶውን ሳህን አየችው። ሕፃን ነጠላ ጫማ አያደርግም።

አይሳነው በሌለበት ባለ ፈቃድ ሠራተኛ ጠርታ ነገሩን በዝምታ መጨረስ ትችል ነበር። ይህም ታስቧት ነበር። ግን ውለታ የዋለላትን ሰው ከጀርባው ማዋረድ አንጀቷ አልቻለም። አስጠራችው።

«ቧንቧዋን ላሳይ ነው» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«ለማን?»

«ለባለ ፈቃድ።»

ሳቀ። «እትዬ፣ ትንሽ መንዘርማ ያለ ነው። የማይነዝር ቧንቧ ያለው የማን ቤት ነው?»

«አንተ የሠራኸው ቤት ሁሉማ ይነዝራል!»

ይህን ልትል አላሰበችም፤ አመለጣት። የአይሳነው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ደህና» አለ። «ያምጡት። እኔ ግን አልገኝም።»

«ትገኛለህ።»

«ምን ልሆን? ለቅሶ ልደርስ?»

«ሕፃኑን የማጥበው እኔ ነኝ፤ የእናቱ አጎት ግን አንተ ነህ» አለችው። «አጠገቤ ቁም። ብቻዬን አላደርገውም።»

ባለ ፈቃዱ ኤሌክትሪሺያን ወሬ የማያበዛ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነበር። ሲገባ መጀመሪያ ከቆጣሪው መብራቱን አጠፋ፤ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋገጠ። አይሳነው በሩ ላይ ተደግፎ ያየዋል። ሰውዬው የቦይለሩን ክዳን ፈታና ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛዋስ? ቢጫና አረንጓዴዋ?»

አይሳነው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርፍ መስላኝ...» አለና በአገጩ ወደ ግቢው ጠቆመ። የሕፃኑ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰጥቶባት፣ ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ፀሐይ ላይ ተወጥራለች።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ መጣ፤ ግን የአማቿን ፊት አይታ ዋጠችው። ሰውዬውም አልሳቀም።

«የመሬት ሽቦ ናት፤ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የምታወርድ» አለ። «ሥራ ፈት ትመስላለች፤ እውነትህን ነው። ሥራ የምትጀምረው ሌላው የተበላሸ ቀን ነው። ያን ቀን እሷ ከሌለች በእሷ ፈንታ የሚሠራው ሰው ነው።»

ከዚያ ፊውዙን አወጣና ወፍራሙን ሽቦ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው። «ይኸኛው ደግሞ አይቃጠልም። ቤቱ ቀድሞ ይቃጠላል።» አልጋው ራስጌ ያለውን ልስን በመሮ ሲከፍተው ሽቦው የተጠቀለለበት ናስትሮ ቀልጦ፣ ሽቦው እንደ ከሰል ጠቁሮ ተገኘ። አራሷ ልትተኛበት የተነጠፈ አልጋ ነው።

አይሳነው ጠጋ ብሎ የጠቆረውን በጣቱ ነካው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሰውዬውን የመሣሪያ ሳጥን አነሳና «ምን ላቀብልህ?» አለ።

እስኪመሽ አብረው ሠሩ። አዲስ ሽቦ ገባ፣ በፊውዙ ቦታ ብሬከር ተገጠመ፣ የመሬት ሽቦዋም ቦታዋን ያዘች። ሰውዬው ፈትሾ ሲያበቃ ልብስ ሰፊዋ ምርቃቷን አወረደችለት፦ «እጅህን ይባርከው፣ ካሰብከው ያድርስህ!» ዞር ስትል አይሳነው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ልገድላችሁ ነበር» አለ።

«ስማኝ» አለች አጠገቡ ተቀምጣ። «ያኔ ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ በሬን ያንኳኳኸው አንተ ነህ። ልጄ የቆመችው በዚያ ነው። ዛሬ የተቀየረው ሽቦው ነው፤ ያ አልተቀየረም።»

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሌሎቹስ? የሠራሁበት ቤት ሁሉ?»

ተነስታ መጎናጸፊያዋን ለበሰች። «ና፣ እንሂድ።»

የመጀመሪያው በር የጎረቤቷ የዳቦ ጋጋሪዋ ነበር። «ውይ አይሳነው! ደግሞ ምን ልትሠራልኝ መጣህ?» አለች ፊቷ በርቶ።

«ላጠፋ ነው የመጣሁት» አለ። አንገቱን ቢደፋም ጥርት አድርጎ ተናገረ። «የሠራሁልሽ ሥራ አደገኛ ነው። ባለ ፈቃድ እስኪያየው ቦይለሩን አትንኪ።»

የዳቦ ጋጋሪዋ ቁጣ ወረደ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ልጆቼን...! አንተ ሰው፣ ሳታውቅ ማን...»

«ስደቢው፣ ይገባዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ በመሀል ገብታ። «መጀመሪያ ግን አሳልፊውና ያጥፋልሽ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እያጉረመረመች ከበሩ ገለል አለች፤ እሱም ገባ።

በማግሥቱ አራሷ ሕፃኑን ታቅፋ ስትመጣ «አጎቴስ? ሊቀበለኝ አልመጣም?» ብላ ቅር አላት። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ተቀብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። አይሳነው በዚያች ሰዓት የባለ ፈቃዱን መሣሪያ ሳጥን ተሸክሞ፣ ከሰውዬው ኋላ ኋላ እያለ፣ እሱ መብራት ወደዘረጋበት ሌላ ቤት እየገባ ነበር።

«ይመጣል» አለቻት፣ ለብ ያለውን ውሃ በመዳፏ እየለካች። «እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሥራ ላይ ነው።»