ጆሮህን አስጠጋ

ታላቅ ወንድሜ መርካቶ፣ ጭድ ተራ አጠገብ ጊታር ይጠግንና ይሸጥ ነበር። ገዢ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያነሳ፣ እሱ ምንም ሳይሰካ ክሩን ይነካና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ያስጠጋል።

"ጋሼ፣ ሚስጥር ይነግርሃል እንዴ? ሰካውና እንስማው!" እያሉ ይስቁበታል።

"አምፕሊፋየር ጉድለቱን ይሸፍናል። ጆሮህን አስጠጋ" ይላቸዋል።

እኔንም ያስተማረኝ እንዲሁ ነው። አኩስቲክ ጊታር ሆዱ ባዶ ስለሆነ የክሩን ንዝረት ራሱ ያጎላዋል። የኤሌክትሪኩ ግን ድፍን እንጨት ነው፤ ከክሩ ሥር ያለው ማግኔት ንዝረቱን ይዞ ወደ አምፕሊፋየሩ ካልላከው ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም። እኔ መሰካትና እስከ መጨረሻው መክፈት ብቻ ነበር የምወደው።

በመጨረሻ ታሞ አልጋ ላይ ዋለ፤ ሕመሙ ድምፁንም ወሰደበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ከደንበኛ ጋር በስልክ ሳወራ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"ጮክ በል እንጂ ጋሼ፣ አይሰማም!" አልኩት።

በጣቱ ወደ ጆሮዬ፣ ከዚያ ወደ አፉ አመለከተ። ገብቶኛል። ግን "ቆይ፣ ልጨርስ" አልኩት። ስጨርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከዚያ በኋላ አልነቃም።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ማይክራፎን ይዘው ብዙ ተናገሩለት። እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን በእሱ በርጩማ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ገዢ ሲመጣ ሳልሰካ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ያ ሁሉ የመርካቶ ጫጫታ እያለ እንኳ ጊታሩ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብል ኖሮ እሱም ይሰማኝ ነበር።