የቀረችው ስንኝ

ይህን ስጽፍ አሁንም እየሳቅሁ ነው። ሰው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል ውሎ ይህን ያህል ይደሰታል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አንድ ክረምት ፎገራ ይምጣና ይሞክረው።

ሩዝ የሚታረመው ውኃው ቁርጭምጭሚትን ውጦ ወደ ጉልበት ሲቃጣ ነው። ያን ሁሉ ብቻውን የሚያርም የለም፤ ወንፈል እንገባለን። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን፣ በየተራ። ወንፈል ደግሞ ያለ ዘፈን አይሄድም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አውራጁ እኔ ነበርሁ። ባለማሳውን በስንኝ እየጎነተልሁ፣ ሰነፉን እያሳጣሁ፣ ሰው የወገቡን ሕመም እስኪረሳ አስቀዋለሁ።

ከዚያ ታመምሁ። ሐኪሞቹ ባይፖላር ይሉታል፤ ስሜት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይነድዳል፣ አንድ ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል። የነደደ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እኔ ማሳ ውስጥ ብቻዬን እየዘፈንሁ ቀረሁ። ሚስቴ ብትለምነኝ፣ ብታለቅስ፣ ማቆም አልቻልሁም። በስንት ጎረቤት ትግል ነው በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል የወሰዱኝ።

ኪኒኑ እንቅልፌን መለሰልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ግን ፍላጎት የሚባለውን ሁሉ ጠርጎ የሄደ መሰለኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ፊቴን መታጠብ እንኳ ያታክተኛል። ከሁሉ የከፋው ዜማ አፌ ላይ አልመጣ ማለቱ ነበር። ይህ ክረምት ዜማዬን ካልመለሰልኝ ኪኒኑን እተወዋለሁ ብዬ ለሚስቴ ቁርጡን ነገርኋት። «አንተ ዜማህን ስትፈልግ እኔ አንተን ልጣ?» አለችና እየጎተተች ሆስፒታል የምትከታተለኝ ነርስ ዘንድ ወሰደችኝ።

ነርሷ ገና ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ ግን የረጋ ነው። «ድካሙ ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፣ ሕመሙ ትቶት የሄደውም ሊሆን ይችላል። ከሐኪሙ ጋር እናየዋለን። ብቻ በራስዎ እንዳያቆሙ» አለችኝ። ሐኪሙም ማታ ማታ እንድውጠው ሰዓቱን ቀየረልኝ። ስወጣ ነርሷ አስከትላ፣ «ፍላጎት እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁ። እግርዎ ይቅደም፣ እሱ ይከተላል» አለችኝ። እኔም በሆዴ፣ እግሬስ በምን ፍላጎቱ ይነሣል? አልሁ።

መልሱን ያገኘችው ሚስቴ ናት። ሳትጠይቀኝ ወንፈል አስገባችኝ! ወንፈል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሰው ማሳህ ላይ ጉልበቱን ሊያፈስስልህ ነው፤ ከእሱ ማሳ ቀርተህ የት ትገባለህ? ማለዳ ጎረቤታችን ሽማግሌው አጥሩ ሥር ቆመው፣ «ተነሥ እንጂ፣ አረሙ አንተን ብሎ ቆሟል!» ይላሉ። በአባቴ ዕድሜ ላሉ ሰው ፍላጎት የለኝም ይባላል? ሱሪዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ።

መጨረሻው ረድፍ ላይ ሆኜ ተቀባይ ሆንሁ። አውራጅ ማሰብ አለበት፤ ተቀባይ የተባለውን መልሶ ማለት ብቻ ነው። ይህ ትልቅ እረፍት ሆነልኝ። እጄ ይነቅላል፣ አፌ ይቀበላል፣ ልቤ የለም። አንዳንድ ቀን አፌም አይከፈትም። ቢሆንም ማታ ስገባ ይርበኛል። ረኃብ እኮ ከረሳኝ ቆይቶ ነበር!

ጉዱ የመጣው የእኛ ማሳ ተራ በደረሰ ቀን ነው። አውራጁ፣ ሸማ ሠሪው ባልንጀራዬ፣ ሲያወርድ ከርሞ ድምፁ ተዘጋ። ማሳው ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የውኃው መንቦጫረቅ ብቻ። እና ሳላስበው፣ እመቤቴን ሳላስበው፣ ከጉሮሮዬ ወጣ፦

የት ከረምህ ብላችሁ እኔን አትውቀሱኝ፣
አልጋና ጋቢዬ በወንፈል አረሱኝ!

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው «ድገመው! ድገመው!» እያሉ ጭቃው ላይ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። ደገምሁት። ሌላ ጨመርሁ፣ ሌላም ጨመርሁ። ደረቴ ሞቀ፣ እልል ማለት አማረኝ። መጣ! መጣልኝ!

ከዚያ ሚስቴን አየኋት። የነቀለችውን አረም እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ውኃውን እየከፈለች መጣችና በጆሮዬ፣ «ማታ ኪኒንህን ውጠሃል?» አለችኝ።

«ውጫለሁ።»

«ተኝተህ አድረሃል?»

«አታንኮራፋ እያልሽ ስትጎሽሚ ያደርሽው ማንን ነው?»

አልሳቀችም። ተመልሳ ማረም ጀመረች፤ ዐይኗ ግን ከእኔ አልተነሣም። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። ይህ ደስታ የእኔ ነው ወይስ የበሽታው? ከውስጥ ሲያዩዋቸው መልካቸው አንድ ነው።

ምሳ ደረሰ ተባለ። እኔ አዲስ ስንኝ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያዋን አውርጃት፣ ቤት የምትመታዋ ሁለተኛዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት፤ ደግሞ እንዴት የምታምር! ሰው ሁሉ ወደ ዳር መውጣት ጀመረ። ሚስቴ አልወጣችም። ቆማ ታየኛለች።

አፌን ዘጋሁ። ከውኃው ወጣሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ሄጄ ከሰው መሐል ተቀመጥሁ።

ሚስቴ ምሳውን ፊቴ አስቀመጠችና፣ «አቆምህ እኮ» አለችኝ።

«አቆምሁ» አልኋት።

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌው እየጎረሱ፣ «እንዴ፣ ስንኟን ግማሽ ላይ ትተሃት ቀረህ? ቤቷን ምታላት እንጂ!» አሉኝ።

«ለነገ ትደር፣ አባቴ» አልኋቸው። «ነገ የእርስዎ ማሳ አይደል?»

ነገ ማለቴን የሰማሁት ካልሁት በኋላ ነው። ነገን ከፈለግሁት ስንት ጊዜዬ! ማታ ማንም ሳያስታውሰኝ ኪኒኔን ውጬ ተኛሁ፤ ስንኟም አብራኝ አደረች።